የጠመኔው መስቀል

ኮልፌ ላይ ጎማ ስጠግን ነው ያረጀሁት። በእጄ ስንት ጎማ እንዳለፈ ፈጣሪ ይወቀው። እኔ የማስታውሰው አንዱን ነው። ሌላውን ሁሉ ረስቼው ያን አንዱን ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው ኖሬአለሁ፤ ዛሬም የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ልጆቼም ጎረቤቶቼም ፀባየ ክፉ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ንፋስ ሽው ሲል አልወድም። ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘው ሲመጡ እቆጣለሁ፤ ለምን እንደምቆጣ አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም እኔ መሃል ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። አጠገቤ የቆሙት የረሳሁት ይመስላቸዋል፤ አርጅቷል ብለው ያልፉኛል።

ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው የካቲት፣ ከተማው ሦስት ቀን ሲነድ፣ የእናታችን ቤትም ነደደ። ታናሽ ወንድሜ ውስጥ ነበር። እኔ እንጨት ፍለጋ ወጥቼ ነበርና ተረፍኩ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከዚያ በኋላ በልቼ ማደር ነበረብኝ፤ ስለዚህ ወንድሜን ላቃጠሉት ሰዎች ጎማ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ ሰዎች አሉ። ያዙሩ። እነሱ ያኔ ምን ሲበሉ እንደነበር ጠይቄአቸው አላውቅም።

ጋራዡ ከኮልፌ ወደ አስኮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ተመንጥሮ የተሠራ ትልቅ የቆርቆሮ መጠለያ ነበር። ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚሄዱት ካሚዮኖች እዚያ ይቆማሉ፤ ዘይት ይቀይራሉ፣ ጎማ ያስጠግናሉ፣ ከዚያ ወታደር ጭነው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ጭቃቸው ላይ የገለባ አመድ ተለጥፎ እናየዋለን። የማን ጎጆ አመድ እንደሆነ ሳንጠይቅ አጥበን እናወጣቸው ነበር።

የጎማውን ሥራ የያዝነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ጓደኛዬ። እሱ ከወረራው በፊት የአንድ መኳንንት መኪና ሾፌር የነበረ፣ ከእኔ በሦስት በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። በቅርቡ አግብቶ አስኮ አጠገብ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሲበዛ ጠንቃቃ ነበር። ምሳችንን ስንበላ እንኳ ቢላውን ስለቱን ወደ ራሱ አድርጎ ነው የሚያቀብለኝ። "አንተ እኮ ጎማ አይደለም የምትጠግነው፣ አራስ ነው የምታርሰው" እያልኩ አሾፍበታለሁ። "አራስ ብትበድላት ታለቅሳለች። ይሄ ግን አያለቅስም፣ አንተን ነው የሚያስለቅስህ" ይለኛል እየሳቀ።

ጎማውን ከብረት ቸርኬው የምናላቅቅበት፣ በእጅ የሚዞር ትልቅ ማሽን ነበረን። ሁለት የብረት መንጋጋ አለው፤ መዘውሩን ስታዞረው መንጋጋው ጎማውን ከጠርዙ ገፍቶ ያወርደዋል። ጣት ቢያገኝም እንደዚያው ነው። ጓደኛዬ ማሽኑን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ደንብ አወጣ፤ አንዱ ሲያዞር ሌላው ሦስት እርምጃ ርቆ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ንፋሱ እስከ መጨረሻው ሳይወጣ ማሽኑ ላይ ጎማ አይወጣም። ያለቀ ሲመስለኝ እንኳ ጆሮውን ቫልቩ ላይ ደግኖ፣ "ገና ይተነፍሳል፣ ቆይ" ይለኛል። ካቦው፣ ማለትም የሁላችን አለቃ የነበረው ጣሊያን፣ በዚህ መዘግየታችን ይበሳጭ ነበር። ግን አንድም ቀን የሰው ጣት ስላልተቆረጠብን ብዙ አይናገረንም።

ዋናው አደጋ ግን ንፋስ ሲሞላ ነው። የካሚዮን ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም። ጎማው ከገባ በኋላ ጠርዙ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት ይገባል፤ ጎማውን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ ወይም ካረጀ፣ ንፋሱ ሲበረታበት ተፈናጥሮ ይወጣል። ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ባዶ ጎማ ስንሞላ ሰንሰለት ሦስት ጊዜ እንጠመጥምበታለን፣ ቀለበቱን ወደ መሬት እንደፋዋለን፣ ረጅሙን የንፋስ ቱቦ ይዘን ገለል ብለን እንቆማለን። ሰንሰለቱ ሥራ ሲያልቅ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ባለው ሜንጦ ይሰቀላል።

የንፋስ መለኪያው ገና ሲመጣ ጀምሮ የተበላሸ ነበር። ጓደኛዬ ግን የራሱ መለኪያ ነበረው። ንፋሱን ከፍቶ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፣ ጮክ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ባዶ ጎማ ሦስት ጊዜ ከተደገመለት ይሞላል። ቆሞ ሰንብቶ የጎደለ ከሆነ አንድ ይበቃዋል። እኔንም እንዲሁ አስለመደኝ። ካቦው ዘፈን ይመስለው ነበር፤ አንድ ቀን አብሮን ሊያንጎራጉር ሞክሮ በሳቅ ልንሞት ደረስን። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

ከሞላ በኋላ ቀለበቱን ዙሪያውን በመዶሻ እየመታን እናዳምጣለን። በደንብ የተቀመጠ ቀለበት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ጎማውን የሞላው ሰው ጠመኔ አንስቶ ቫልቩ አጠገብ ትንሽ መስቀል ይሠራል። ያ መስቀል፣ "እኔ አይቼዋለሁ፣ በነፍሴ ይዤዋለሁ" ማለት ነው። መስቀል ያለበትን ጎማ ዳግመኛ በሰንሰለት ማሰር የለም፤ የጓደኛን ቃል መጠራጠር ይሆናል። ይህን ያወጣው ራሱ ጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያውን መስቀል ያሠራኝ ቀን እጄን ይዞ፣ "በዚች ላይ አንዋሽም፣ እሺ?" አለኝ። እሺ አልኩት።

ወንድሜ ግን አልተወኝም። ሌት ሳይሆን ቀን ነው የሚመጣብኝ፣ ሥራ ላይ፣ ካሚዮኖቹ ወታደር ጢም አድርገው ሲወጡ። ወታደሮቹ እየዘፈኑ ያልፋሉ። በእጄ የሞላሁት ጎማ እነሱን ተሸክሞ ሲሽከረከር አያለሁ። አንድ ቀን ሆዴ አልችል ብሎ ለጓደኛዬ፣ "አንዱን ላላ አድርገን ብንለቅባቸውስ?" አልኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ዙሪያውን አየ።

"ሾፌሩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አላውቅም።"

"ሲፈነዳ በመንገዱ ዳር ማን እንደሚያልፍስ? አህያ የምትነዳ እናት ትሁን፣ ምን ትሁን ታውቃለህ?"

"እነሱ የእኛን ሲያቃጥሉ ጠይቀዋል?"

"ወንድምህ አንጀቴን ይበላኛል። ግን በዚህ እጅ አይሆንም። ተው፤ እባክህን ተው።"

ተውኩት። ማለቴ ለእሱ ተውኩለት። ዳግመኛ አላነሳሁበትም። እሱም በቀና ልቡ ረሳው።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ያረጀ ቀለበት ከጎማ አወጣን። ጫፉ ተበልቷል፣ ትንሽም ጎብጧል። ጓደኛዬ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እያሳየኝ፣ "ይሄ ሰው ይገድላል፤ ከቁርጥራጩ ጋር ጣለው" አለኝ። ወሰድኩት። ከቁርጥራጩ ክምር አጠገብ ስደርስ ግን አልጣልኩትም፤ ጆንያ ሥር ሸሸግሁት። ሰው ይገድላል ያለኝ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ብል እውነቴን ነው። ያን ደስታ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

በማግስቱ ጓደኛዬ ሚስቱ ታማበት ማለዳ ስላልገባ ብቻዬን ነበርኩ። በቀጣዩ ቀን ወደ ሆለታ ለሚወጣ ካሚዮን ጎማ እንዳዘጋጅ ካቦው አዘዘኝ። ያን ቀለበት አወጣሁት። በመዶሻ እያባበልኩ ቦዩ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰንሰለቱን ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩ፤ ለራሴ ስሆን ደንቡ አልጠፋኝም። ሰንሰለቱ ሥር ሞላሁት፣ ያዘ። በመዶሻ መታሁት፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ድፍን ነው። ሲጫንበት፣ መንገድ ላይ ሲግል፣ እንደሚለቅ ገባኝ። ከዚያ ጠመኔውን አነሳሁ።

መስቀሉን መሥራት አልነበረብኝም። ይህን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ያለ መስቀል ባስቀምጠው ኖሮ ጓደኛዬ ሲገባ ያስረው ነበር፣ ይፈትሸው ነበር፣ የሸሸግሁትን በአንድ መዶሻ ምት ያገኝብኝ ነበር። መስቀሉን የሠራሁት እሱ እንዳይፈትሸው ነው። ቸኩዬ ስለሠራሁት አንደኛው ክንዱ ጠመመ።

በማግስቱ ካሚዮኑ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እኛ ሳንገባ፣ በአሮጌ ጎማው ሄደ። ትእዛዝ መጥቶባቸው ነው አሉ። የእኔ ጎማ ግድግዳውን ተደግፎ ከሌሎቹ መስቀል ካለባቸው ጎማዎች ጋር ቆሞ ቀረ። ያኔ ላወጣው እችል ነበር። አላወጣሁም። ለሌላው ካሚዮን ይሆናል አልኩ። አራት ቀን ሙሉ ጠማማ መስቀሉን እያየሁ ወጣሁ፣ ገባሁ። ጓደኛዬ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ፤ ሲያልፍ ደግሞ እቀጥላለሁ። ሰው ክፋቱን እንዴት ቶሎ እንደሚለምድ ያኔ ነው ያየሁት።

አምስተኛው ቀን ሰኞ ነበር። ከቀትር በኋላ ካቦው ወደ ማሽኑ ጠርቶኝ የተተረተረ ጎማ እያሳየ ይቆጣኛል። ሁለት ወታደሮች በር ላይ ቆመው ካሚዮናቸውን ይጠብቃሉ። ዘወር ስል ጓደኛዬ ከግድግዳው አንድ ጎማ አንከባሎ መሃል ወለል ላይ ሲያጋድመው አየሁ። ቆሞ ሰንብቶ ጎድሏል። ቀለበቱ ወደ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን አየ። ወደ እኔ ቀና ብሎ ጠማማውን መስቀል በጣቱ እያሳየ ሳቀብኝ፤ እጅህን ምን ነካው ማለቱ ነው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ቱቦውን ቫልቩ ላይ ገጠመ። ሰንሰለቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

"አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ..." ብሎ ጀመረ።

በእኔና በእሱ መካከል አሥራ አምስት እርምጃ ነበር። በኋላ ለክቼዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። ካቦው ፊት ለፊቴ ነው፣ ወታደሮቹ በር ላይ ናቸው። ተው ብዬ ብጮህ፣ እንዴት አወቅህ ይሉኛል። ጎማ ያበላሸ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ፤ አደባባይ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ሰንሰለት ሥር ሳለ ይዞ የለ፣ አሁንም ይይዛል አልኩ በልቤ። ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ላይ ሲደርስ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። የጓደኛዬ ስም አጭር ነው።

"ኅድግ ለነ አበሳነ" አለ ጓደኛዬ። በደላችንን ይቅር በለን ማለት ነው።

ድምፁን አልገልጸውም። ቀለበቱ እሱን አግኝቶ በጣራው ቆርቆሮ ወጣ፤ ከውጭ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲወድቅ ሰማነው። ጓደኛዬ አልጮኸም፤ ጊዜ አልነበረውም። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ግን እነሱ እሱን ሲያነሱ እኔ ጎማው ላይ ተደፍቼ መስቀሉን በእጅጌዬ ጠረግሁ። የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

ማታ እስኪሆን ሳይጠብቅ እዚያው፣ ደሙ ሳይታጠብ፣ ካቦው ሠራተኛውን ሰብስቦ በአስተርጓሚ ተናገረ። ሰንሰለቱን በጣቱ አሳየን። ሜንጦው ላይ ነበር። "አያችሁ፤ ሰንሰለቱ እዚህ፣ ሟቹ እዚያ። ቸልተኛ ሰው እንዲህ ይሆናል" አለ። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጠንቃቃ የነበረው ሰው ቸልተኛ ተብሎ ተቀበረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ለቅሶ ስደርስ ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አይኗ ደርቋል። "ሰንሰለቱስ?" አለችኝ፣ "ሁልጊዜ የሚያወራልኝ ሰንሰለቱስ?"

"አላሰረውም" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ከዚያ የባሰ ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም።

"ለሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፣ ለእኛ ግን አልተጠነቀቀም" አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ጣሊያን እስኪወጣ ሁለት ዓመት ግድም እዚያው ሠራሁ። ቀለበቱ የበሳውን ጣራ ማንም አልደፈነውም። ካቦው አንዴ ድፈነው ብሎኝ መሰላል አቁሜ ወጣሁ፤ ቀዳዳው አጠገብ ስደርስ ሳልደፍነው ወረድኩ። በበጋ ፀሐይ በዚያ ትገባለች። ጠዋት ግድግዳው ላይ ሰንሰለቱ አጠገብ ትሆናለች፣ ከዚያ ወለሉን እያቋረጠች ትመጣለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እሱ ቁጢጥ ያለበት ቦታ ላይ ትደርሳለች። የእጅ መዳፍ የምታህል ብርሃን ናት። እዚያ ስትደርስ ሥራዬን ትቼ እወጣ ነበር። በክረምት ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ዝናብ ያንጠባጥባል። ሌሎቹ ባልዲ ያስቀምጡበታል፤ የጠብታው ድምፅ እስከ ዛሬ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። ባኞ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሌት ተነስቼ የምዘጋው ለዚህ ነው፤ ባለቤቴ ለውሃው ስስት ይመስላታል።

ከነፃነት በኋላ ኮልፌ ገበያ አጠገብ የራሴን ትንሽ የጎሚስታ ቤት ከፈትኩ። ብዙ ሰው ቀጥሬ አስተምሬአለሁ። ደንቦቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ንፋሱን ጨርስ፣ ጣትህን አርቅ፣ ብቻህን አዙር፣ ሰንሰለቱን እሰር። ጠመኔ ግን አልገባም ቤቴ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ደግሞ የጓደኛዬን ታሪክ እነግራለሁ። "ሰንሰለት ሳያስር ሞላ፣ ሞተ" እላለሁ። በደንብ ነው የምነግረው። ሲፈሩ አያለሁ፣ ሰንሰለቱንም ያስራሉ። ለስንት ሰው ሕይወት ምክንያት ሆኛለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የገደልኩትን ሰው ስም እያጠፋሁ ሌላውን አድን ነበር።

አንድ ዓመት በእግር የሚረገጥ፣ ጎማውን ራሱ የሚያሽከረክር አዲስ ማሽን ገዛሁ። እሱን የሚያውቅ ጎልማሳ ባለሙያ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀን ደንቤን ነገርኩት፤ ታሪኩንም ነገርኩት። እጁን እየጠረገ አዳመጠኝ። ከዚያ፣

"ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም" አለ። "ሰውየው እንዲያ ጠንቃቃ ከነበሩ፣ ሌላውን ሁሉ ካስተማሩ፣ የዚያን ቀን ለምን ሳያስሩ ቀሩ?"

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ፈርቶ ወደ ሥራው ነበር የሚሄደው። የአዲሱ ማሽን ኮምፕሬሰር እያፏጨ ነበር። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ከኮልፌ እስከ አስኮ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲዎቹ እየቆሙ ይጠሩኛል፣ አልሰማቸውም ነበር።

ሚስቱ እዚያው ነበረች፤ አላገባችም። ጥጥ እየፈተለች ሴት ልጇን አሳድጋ ድራለች። በየዓመት በዓሉ ሄጄ እጠይቃታለሁ፣ በግ የታረደ እንደሆነ ሥጋ እልክላታለሁ። ሰው ደግ ጓደኛ ይለኛል። በዚያ ሁሉ ዓመት የባሏን ስም ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም። ተዝካሩን ካወጣች ወዲህ መቃብሩ ላይ ሄዳ እንደማታውቅ ልጇ ነግራኛለች። ሐዘን ነው ብዬ ነበር።

ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች። "ወንድሜ፣ ምነው በሥራ ቀን? ደህና ነህ?" አለችኝ፣ በርጩማ እየሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ መስቀሉ። በጣቱ እያሳየ እንደሳቀብኝ። አሥራ አምስቱን እርምጃ። በእጅጌዬ እንደጠረግሁት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆሟል። አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። ብትራገም ደስ ባለኝ።

"ያን መስቀል ካየ አያስርም ነበር?" አለችኝ በመጨረሻ።

"አያስርም። ደንባችን ነበር። ራሱ ያወጣው ደንብ ነው።"

"እንግዲያ አልተዘናጋም።"

"አልተዘናጋም።"

"እኛን አልረሳንም።"

"አልረሳችሁም። እኔን አምኖ ነው።"

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ፊቷ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። "አርባ ዓመት ሙሉ" አለች፣ "አርባ ዓመት ሙሉ እሱን ነው የተቆጣሁት። ለአንዲት ሰንሰለት ብሎ ልጄን ያለ አባት አስቀረብኝ እያልኩ። ልጄ ስትወለድ ተቆጣሁት። ስድራት ተቆጣሁት። ስሞት ከእሱ ጎን እንዳትቀብሩኝ ብዬ ተናዝዣለሁ።"

እግሯ ላይ ወደቅሁ። "እህቴ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

እጇን ዘርግታ አላነሳችኝም፣ አልገፋችኝምም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ከቤት ነጠላዋን አምጥታ አጣፋች፣ ጫማዋን አደረገች።

"አንተ ቆይ" አለችኝ። "መጀመሪያ እኔ እሱን ይቅርታ ልጠይቀው።"

በአጠገቤ አልፋ እሱ ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው አቀበት ሄደች። ጉልበቷ ደካማ ነበር፤ በየጥቂቱ እየቆመች ትተነፍሳለች። ልከተላት ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስትጠልቅም አልተመለሰችም፤ ልጇ መጥታ ምስሩን አስገባች፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስሄድ በሩ አይከፈትልኝም ነበር። በሚቀጥለው ሰኔ አረፈች። ኑዛዜዋን ለውጣ ኖሮ ከጎኑ ቀበርናት፤ አፈር ካለበሷት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ሲያስጀምሩ ሰው ሁሉ ተከተለ፣ እኔም ተከተልኩ፤ ኅድግ ለነ አበሳነ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

አንተ ቆይ ነው ያለችኝ። እየቆየሁ ነው።